«የፈለጋችሁትን ሥሩ» ሲባሉ ሁሉም አንድ ዓይነት ራስ ይሠራሉ፤ ምን ይሻላል?

መምህር_ዘጭቃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ቅርጻ ቅርጽ አስተምራለሁ፤ አሁን በሸክላ ጭቃ የሰው ራስ እየሠሩ ነው። «ከራሳችሁ ፍጠሩ» ስላቸው ወይ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፣ ወይ ያንኑ ፊት ይደጋግማሉ። ሌላው ደግሞ እቶን ውስጥ ብዙው ይፈነዳል። ጭቃው አየር ስለያዘ ነው ይባላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቀራፂ_ከጉለሌ፦
መምህር፣ ችግሩ ትእዛዙ ላይ ነው። ፈጠራ እጅ የሚታገለው ነገር ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ 3 ኪሎ ጭቃ፣ አንድ የእንጨት ቢላዋና 40 ደቂቃ ስጥ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ክልክል ይሁን፤ ራስ፣ አንገትና ትከሻ ብቻ። ድካምን ወይም ኩራትን በአንገቱና በአገጩ አቅጣጫ ብቻ ያሳዩ። ያኔ መኮረጅ ይከብዳል። ጣውላውን በየ5 ደቂቃው ሩብ ዙር ያዙሩ፤ አለዚያ ከጎን ሲታይ ጠፍጣፋ ጭምብል ነው የሚወጣው።

ፊት ላይ ሲደርሱ ሁሌም የሚበላሸው ዓይን ነው፤ ግንባሩን አሳጥረው ወደ ላይ ይሰቅሉታል። ቦታው ከአናት እስከ አገጭ ያለው ርዝመት እኩሌታ ላይ ነው። ጆሮ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ግርጌ፣ ከጎን ሲታይ ደግሞ ከመሃል ወደ ኋላ ይሆናል። በክር ያስለኳቸው።

ገል_ፈጪ፦
የሚያፈነዳው አየር ሳይሆን እርጥበት ነው። ውሃ እንፋሎት ሲሆን መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ወፍራም ጭቃ ውስጥ መውጫ ካጣ ይገነጥለዋል።

ጭቃው ጠንከር ብሎ የጥፍር ምልክት ሲይዝ አናቱን በቀጭን ሽቦ ቆርጠህ አንሳ። ግድግዳው ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲሜትር እስኪቀር ውስጡን ፈልፍል። የሚረሳው ከአፍንጫው ጀርባ ያለው ነው፣ አንገቱም እንዲሁ። ጠርዞቹን ጫር ጫር አድርገህ በቀጠነ ጭቃ መልሰህ ለጥፍ፤ ከታች ቀዳዳ ተው። በላስቲክ ሸፍነህ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀስ ብሎ ይድረቅ። ጆሮ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል፣ ለብቻው ጠቅልለው። ጉንጭህ ላይ ስታስነካው ከቀዘቀዘህ ገና ነው።

እቶኑ 80 ዲግሪ ላይ ይደር (አዲስ አበባ ውሃ 92 ገደማ ላይ ይፈላል፣ 100ን አትጠብቅ)። ከዚያ እስከ 600 በሰዓት ከ80 ዲግሪ በላይ አትጨምር። 573 ላይ ጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ (አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ማዕድን) በድንገት ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝም እዚያው ላይ ይኮማተራል። ሙቀቱ ከ100 በታች ሳይወርድ በሩን አትክፈት። ለሚቀጥለው ዙር ጭቃው ላይ 20 በመቶ ያህል የተፈጨ ገል (የተሰበረ ሸክላ ስባሪ) ብትጨምር መሰንጠቁም ይቀንሳል።

ጄሶና_ጭቃ፦
በገል_ፈጪ ሐሳብ እስማማለሁ፤ 40 ደቂቃው ግን አይዋጥልኝም። ሰዓት ሲገደብ የሚጠቀመው ፈጣኑ ተማሪ ብቻ ነው። ጭቃውን ገድብ፣ ጊዜውን ልቀቅ።

ደግሞ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ጄሶ አታቡካ። ጭቃው ውስጥ የገባ የጄሶ ቅንጣት ከበሰለ በኋላ እርጥበት እየሳበ ላዩን ፈልቅቆ ይጥላል።

መምህር_ዘጭቃ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ራሱን የምናቆምበትን እንጨትስ መቼ እናውጣው?

ገል_ፈጪ፦
ስትፈለፍል አብረህ። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እንጨቱ ግን ባለበት ይቀራል፤ ከዘገየህ አንገቱ ዙሪያውን ይሰነጠቃል። ሲጀመር እንጨቱን በጋዜጣ ጠቅልሉት፣ ሳይታገል ይወጣል።