በፍንጣሪ የቆሰለ ገበሬ ቤተሰቡ “ስፉልን” ሲል ምን ይደረጋል?

ጥያቄ፦ የሠራዊት ነርስ ነኝ፤ ምድቤ ሰሜን ወሎ ነው። በፍንጣሪ የቆሰሉ የአካባቢው ሰዎች በቃሬዛ ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ ከቆሰሉ ከአንድ ቀን በላይ ሆኗቸዋል። ቁስሉ ላይ ቡና ይነሰነሳል፣ ቅቤም ይቀባል። ሳልሰፋ ስቀር ቤተሰብ እንደናቅኋቸው ይቆጥረዋል። ትክክለኛው አሠራር የቱ ነው?

መልስ (የቀዶ ሕክምና ነርስ)፦ ሲስተር፣ እንዳትሰፊው። ፍንጣሪ አፈርና የልብስ ብጣሽ ይዞ ነው የሚገባው። በሞተ ሥጋ ላይ ቆዳ ሲዘጋ አየር ያጣል፤ ጋንግሪን (የሥጋ መበስበስ) እና መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) የሚያመጡት ተህዋስያን ደግሞ የሚወዱት ይህንኑ ነው። መድማቱንና አተነፋፈሱን አስቀድመሽ እዪ። ማስታገሻ ስጪና ቡናውንም ቅቤውንም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እጠቢ፤ በትልቅ ሲሪንጅ እየገፋሽ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ። ለትልቅ ቁስል አንድ ሊትር አይበቃም። ፍንጣሪውን ፍለጋ አትቆፍሪ። የሞተውን ሥጋ ሐኪሙ ይቁረጥ፦ ጠቁሮ የላላ፣ ሲቆነጠጥ የማይኮማተር፣ ሲቆረጥ የማይደማ ሥጋ ነው። ከዚያ ደረቅ ጎዝ ላላ አድርገሽ በብዛት ሙዪ። አጥብቀሽ ከወተፍሽው ፈሳሹ መውጫ ያጣል።

ፋሻውን በየቀኑ መፍታት ደግነት ይመስላል፤ ግን አዲስ ጀርም ማስገቢያ ነው። በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ይፈታል፤ ንጹሕ ከሆነ ያኔ ይሰፋል። ትኩሳት፣ የሚብስ ሕመም፣ የበሰበሰ ሽታ ወይም ቆዳ ሥር ሲነካ የሚንኮሻኮሽ አየር ካለ ግን ወዲያው ፍቺው። የፊትና የራስ ቆዳ በደንብ ከጸዳ በዕለቱ ሊሰፋ ይችላል። ደረትና ሆድ የገባበት ወደ ሆስፒታል ይላክ።

መልስ (የክትባት ባለሙያ)፦ መንጋጋ ቆልፍን አትርሺ። ሴቶች በእርግዝና ጊዜ ተከትበው ይሆናል፤ ካርዳቸውን ጠይቂ። ወንዶቹን ካርድ ከሌላቸው እንዳልተከተቡ ቁጠሪያቸው። ክትባቱ 0.5 ሚሊ ሊትር ጡንቻ ላይ፣ ሁለተኛው ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከ6 ወር በኋላ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ተዘጋጅቶ የሚወጋ ፀረ እንግዳ አካል) ካለሽ፣ ከቆሰለ 24 ሰዓት ላለፈው አዋቂ 500 ዩኒት በሌላ ሲሪንጅ፣ በሌላ ጎን ስጪ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ፤ በረዶ ከሆነ ይጣል።

መልስ (የወሎ ጤና መኮንን)፦ መሣሪያ የያዘ ሰው ማከሚያው ውስጥ አይግባ፤ ገበሬው ጠመንጃ እያየ ሕመሙን አይናገርም። ለሴት ታካሚ እናቷ ወይም እህቷ አብራት ትቁም። “እማማ፣ ዛሬ ብንዘጋው መርዙ ውስጥ ይቀራል፤ ሲጠራ እንሰፋዋለን” በያቸው። ቀኑንም በሚያውቁት ንገሪያቸው፦ ከገበያው ማግስት፣ ከጁምዓ በፊት። ጦሩ ከ5ኛው ቀን በፊት ሊንቀሳቀስ ስለሚችል የቆሰለበትን ቀን፣ የተሰጠውን መድኃኒትና ፋሻው የሚፈታበትን ቀን በአማርኛ ጽፈሽ አንዱን ለቤተሰቡ፣ አንዱን ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ስጪ።