በዋልካ መሬት ላይ የጭቃ ቤት መሥራት፦ አፈሩ፣ መሠረቱና ልስኑ

ጥያቄ
ባሕር ዳር ዙሪያ፣ ወደ ጣና በሚያዘነብል ቦታ ላይ ለወላጆቼ የጭቃ ቤት ለመሥራት እየተዘጋጀሁ ነው። የባሕር ዛፉ ቋሚና ማገር ተገዝቷል፤ የጤፍ ጭድም ተገኝቷል። ይሁን እንጂ የቦታው አፈር በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ ጥቁር ዋልካ ነው። ለመሠረት ተቆፍሮ የሚወጣውን ይህንኑ አፈር አቡክቼ ግድግዳውን ልምረግበት ወይስ ሌላ አፈር ላስጭን? ግድግዳው በሲሚንቶ ካልተለሰነ አይበረክትም የሚሉኝም አሉ። ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1
ዋልካውን ለግድግዳ ባይጠቀሙበት እመክራለሁ። ውኃ ሲጠጣ እጅግ የሚያብጥ፣ ሲደርቅም የሚኮማተር የሸክላ ዓይነት ስለሚበዛበት፣ ጭድ ቢጨመርበት እንኳ ስንጥቁ አይቀርም። ከፍ ካለ ቦታ፣ ሥር የበዛበት የላዩ አፈር ተገፍፎ፣ ከሥሩ የሚገኘውን ቀይ አፈር ያስመጡ። ከማስጫንዎ በፊት ግን ጥቂቱን በጠርሙስ ከውኃ ጋር በጥብጠው ያስቀምጡት፤ አሸዋው ወዲያው ሲዘቅጥ ሸክላው ከሁሉ በኋላ፣ ምናልባትም በማግስቱ፣ ከላይ ይረጋል። ሸክላው ከ15 እስከ 30 በመቶ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከበዛ አሸዋ ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ ጭቃው ከጭዱ ጋር በእግር እየተረገጠ፣ ውኃ እየተጨመረበት ለተከታታይ ቀናት ሊቦካ ይገባል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ጭዱ ለስልሶ መበስበስ ሲጀምር ጭቃው ይበልጥ ይጣበቃል፣ ለመራጊውም እጅ ይገራል። በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ ከመምረግ ይልቅ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ሁለተኛውን መደረብ ይሻላል።

መልስ 2
ስለ አፈሩ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የቤቱ እግር ነው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የጭቃ ግድግዳን የሚጥለው ከላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ከመሬት የሚነሣው እርጥበትና መሬት ነጥሮ የሚረጨው ውኃም ነው። ስለዚህ ዋልካው ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ተቆርጦ ይውጣና በአካባቢያችን በማይታጣው ጥቁር ድንጋይ መሠረት ይሠራ፤ ድንጋዩም ከመሬት በላይ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ቋሚው የሚቀበር ከሆነ ምስጥ እንዳይበላው ጫፉን በእሳት መለብለብ የቆየ ዘዴ ነው። የጣሪያውንም ክፈፍ ያስረዝሙ። በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን የተመለከተ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ በጨርቅ ላይ የተሳሉት ሥዕሎች የተለጠፉበት የመቅደስ ግድግዳ በክቡ ሕንፃ መካከል ስለሚገኝ ዝናብ በቀጥታ አያገኘውም። የእኛ ቤት ያን ያህል ባይሆንም፣ ክፈፉ አንድ ክንድ ተኩል ቢወጣ ግድግዳውን ብዙ ያድነዋል።

መልስ 3
ሲሚንቶውን በተመለከተ፣ በጭቃ ላይ በቀጥታ ከተለሰነ የሁለቱ መኮማተርና መለጠጥ ስለማይመሳሰል ውሎ አድሮ እየተላቀቀ ይወድቃል፤ በስንጥቁ የገባው እርጥበትም መውጫ አጥቶ ማገሩን ያበሰብሳል። ሽቦ መትተው የሚለስኑ አሉ፤ ልስኑን ይይዘዋል፣ የታመቀውን እርጥበት ግን አያስወጣውም። እኔ እንደሚመስለኝ በእበትና በተነፋ አፈር መለሰን፣ አቅም ከፈቀደም በኖራና በአሸዋ ማልበስ ይሻላል፤ በየጥቂት ዓመቱ ማደስን ቢጠይቅም ግድግዳው ይተነፍሳል። ምርጊቱ ከመጋቢት ባይዘገይ መልካም ነው፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት እስከ ውስጡ መድረቅ አለበትና።