ዊልቸር ላይ ሆኜ ቀስት መወርወር ልጀምር፤ ምን ያስፈልገኛል?

ጠያቂ (ቀበሌ 14)፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ከሦስት ዓመት በፊት በባጃጅ አደጋ አከርካሪዬ ተጎዳ። እጆቼ ደህና ናቸው። በፓሪሱ የ2024 ፓራሊምፒክ ማት ስተትዝማን ደጋኑን በእግሩ ይዞ ወርቅ ሲወስድ አየሁ። ሁለቱም እጆች የሉትም እኮ! ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ አልለቀቀኝም። ደጋን የለኝም፣ ገንዘቤም ትንሽ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት፦ እህቴ፣ ደጋን እስኪገኝ አትጠብቂ። ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ሂጂና አሮጌ ካላማዳሪ ጠይቂ። በረጅሙ ቁረጪው። ግራ እጅሽን ዘርግተሽ አንዱን ጫፍ ያዢ፣ ሌላውን በቀኝሽ እስከ አገጭሽ ሳቢ። አምስት ቆጥረሽ ቀስ ብለሽ መልሺው። ሥራው የክንድ ሳይሆን የጀርባ ነው። ዊልቸር መግፋት በተለይ የትከሻን ፊት ያጠነክራል፤ መሳቡ ለጤናሽም ይበጃል። ከወጋሽ ግን አቁሚ። ደግሞም ስፖርቱ የእናንተው ነው፦ በ1948 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል 16 ጉዳተኛ ወታደሮች ዊልቸር ላይ ሆነው የተወዳደሩት በቀስት ነበር።

አባይ ማዶ፦ ከቀርከሃ ደጋን መሥራት አይቻልም?

የስፖርት መምህር፦ ወንድሜ፣ አልመክርም። ከተሰነጠቀ ፊቷ ላይ ነው የሚያርፈው። እህቴ፣ ለጀማሪ ከ16 እስከ 20 ፓውንድ (ከ7 እስከ 9 ኪሎ ያህል) ጉልበት የሚሳብ ደጋን ይበቃል። ዊልቸርሽን ለዒላማው በጎን አቁሚ፣ ፍሬኑን ያዢ። የክንድ መደገፊያው የሚነቀል ከሆነ ንቀዪው፤ የደጋኑ ጅማት (ገመዱ) ይመታዋል። ፍላጻ ሳይኖር ጅማቱን ስበሽ እንዳትለቂ፣ ደጋኑ ሊሰበር ይችላል። መጀመሪያ ከ5 ሜትር ወርውሪ። ከዒላማው ኋላ ሰው የማያልፍበት ቦታ ይሁን፤ የጣና ዳር መንገድ አይሆንም። ጠዋት ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ያስቸግራል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስፖርት አካዳሚንም ጠይቂ።

ባለ አንድ ክንዱ፦ እኔ ቀኝ ክንድ የለኝም። ጅማቱ ላይ የቆዳ ቁራጭ አስሬ በጥርሴ ነው የምስበው። ዘመድ ከውጭ ባመጣልኝ ደጋን ጀመርኩ። ለዒላማ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጭድ ጠቀጠቅኩ፤ ፍላጻው አልፎት ግድግዳ መታ። አሮጌ ልብስ ስሞላበት ግን ያዘው። ጥብቅ አድርገሽ ሙዪው። ደጋኔን መጥተሽ መሞከር ትችያለሽ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ካላማዳሪውን ዛሬ አገኘሁ፤ ጠጋኙ ብር አልቀበልም አለኝ። ስምንተኛው ላይ ግራ እጄ ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይመችሃል? ልብሱን እኔ አመጣለሁ።