ቦሩ ሜዳ ላይ ዝቅ ያለ ጣሪያና ሰፊ መስታወት ያለው ቤት፦ ምን ልጠንቀቅ?

የቦሩው፦
ሰላም ጀማው። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ገጠሩ ላይ የቤተሰብ ቤት ልንሠራ ነው፤ ሚድ ሴንቸሪ ሞደርን የሚባለው፣ ዝቅ ያለ ጣሪያና ሰፊ መስታወት ያለው ዓይነት። ፎቅ የለውም፣ 7 በ14 ሜትር፣ የሳሎኑ ፊት ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት። አፈሩ ዋልካ ነው። ጣሪያው በቆርቆሮ ጠፍጣፋ መሆን ይችላል? መስታወቱስ ወዴት ይዙር?

ጣሪያ፦
ጠፍጣፋ አታድርገው። ተራው ሞገድ ቆርቆሮ በሜትር 18 ሳንቲም ገደማ ተዳፋት ይፈልጋል፤ ካነሰ ነፋስ ውሃውን በመደራረቢያው ሽቅብ ይገፋዋል። ኢጋ ቆርቆሮን (ሸንተረሩ ሰፋና ጠለቅ ያለውን) በሙሉ ርዝመቱ አንድ ወጥ ካስቆረጥከው 10 ሳንቲም ይበቃዋል። በ7 ሜትር ላይ 70 ሳንቲም ማለት ነው፤ ዝቅ ያለ መልኩን አያጣም።

አሸንዳውን ግን እባክህ ከግንብ ጀርባ አትደብቀው። የደሴ በረዶ ሲወርድ የመውረጃውን አፍ ይደፍነዋል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ተገልብጦ ኮርኒሱን ይዞት ይወርዳል። ከጠርዙ ውጭ አንጠልጥለው።

መስታወቱ ወደ ደቡብ ይዙር። በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ አጋድላ 55 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ 80 ሳንቲም የወጣ ክፈፍ የመስታወቱን ላይኛ 1.15 ሜትር ብቻ ያጠላል፣ ቀሪው በብርዱ ወር ሳሎኑን ያሞቃል። በመጋቢት ቀትር ያው ክፈፍ ሙሉውን ይሸፍነዋል። ኮምቦልቻ ቢሆን ሙቀት ስላለ 1.2 ሜትር እልህ ነበር። በምዕራብ በኩል መስታወት አይኑር።

መሠረት፦
ከጣሪያው በፊት ዋልካውን አስብ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳ ትንሽ ሲነቃነቅ ትልቅ መስታወት ይሰበራል። ውፍረቱ 1.5 ሜትር ገደማ ከሆነ ሁሉንም አውጥተህ ሰሌክት ማቴሪያል (የማያብጥ የተመረጠ የሙሌት አፈር) በ20 ሳንቲም ንብርብር እያረጠብክ ጠቅጥቅ። አሸዋ ወይም ጠጠር ብቻ አትሙላበት፤ ጉድጓዱ እንደ ገንዳ ውሃ ይቋጥርና ከሥር ያለውን ዋልካ ያሳብጣል። ዙሪያውን 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ኮንክሪት አልብሰው። ባሕር ዛፍ ካለ ቢያንስ በቁመቱ ልክ ይራቅ።

የቦሩው፦
አላህ ይስጥልኝ። የኋላው ግድግዳ ሙሉ ድንጋይ፣ ፊቱ ሙሉ መስታወት ቢሆንስ?

መሠረት፦
አደጋው እዚያ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከኛ ሩቅ አይደለም። አንዱ ጎን ግትር፣ ሌላው ልል ከሆነ ቤቱ ይጠመዘዛል። በመስታወቱ ጎን ሁለቱም ማዕዘን ላይ 1.2 ሜትር ግድግዳ አስቀር፤ ከላይ ሳይቋረጥ የሚዞር ቢም ይኑር። በኮለኑ እግርና ራስ ላይ ስታፋው (ቋሚ ብረቶቹን የሚያቅፈው የብረት ቀለበት) በየ10 ሳንቲሙ ይታሰር፣ ጫፉም ወደ ኮለኑ ሆድ ይታጠፍ።

ጣሪያ፦
አንድ ነገር ረሳሁ፦ ክፍት ወጥ ቤት ለሻይና ለቁርስ ይሁን። የእንጀራ ምጣድና የበርበሬ ቁሌት ሳሎን ውስጥ አይገባም፤ ማድ ቤቱን በጓሮ ለይተህ ጣሪያ ባለው መተላለፊያ አገናኘው።