ጥቆማ፦ ለልጆች የፈረስ ግልቢያ ውድድር ሄልሜቱ ከየት፣ አምቡላንሱ የማን ይሻላል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ አካባቢ ከ10 እስከ 16 ዓመት ለሆኑ 24 ልጆች የግልቢያ ውድድር እያዘጋጀን ነው። ፈረሶቹን ከአካባቢው ገበሬዎች እንከራያለን፤ ሜዳው ተፈቅዶልናል፤ ዋንጫም ታዝዟል። ትናንት አንዲት እናት «ልጄ ቢወድቅስ?» ብላ ስትጠይቀኝ ግን የምመልሰው አጣሁ። ሄልሜት፣ አምቡላንስ፣ የእንስሳት ሐኪም ከየት እንደሚሻል የሞከራችሁ እባካችሁ ጠቁሙን። ገንዘባችን ብዙ አይደለም።

መልስ

ወንድሜ፣ ዋንጫው ከሄልሜቱ ቀድሞ መታዘዙን ሳነብ ራሳችንን አየሁ። እኛም በመጀመሪያው ዓመት ባነር አሠርተን፣ ቲሸርት አሳትመን፣ የቀረውን «እዚያው እናየዋለን» ብለን ነበር። ሁለት ዓመት አዘጋጅቻለሁ፤ ሁለቱ ልጆቼም ይጋልባሉ። የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን ለመለየት የከፈልነውን አንተ ደግመህ እንዳትከፍል የማውቀውን ልጻፍልህ።

በሄልሜት ልጀምር። አራት ዓይነት ሞክረናል። የሞተር ሄልሜት መርካቶ እንደልብ ይገኛል፤ ጥንካሬውም አያጠራጥርም። ነገር ግን ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። የ11 ዓመት ልጅ አንገት ላይ ሲጫን በሶምሶማ ብቻ ራሱ ወደፊትና ወደኋላ ሲንገላታ ታያለህ። ጆሮውንም ይደፍነዋል፤ ከኋላው የሚመጣውን ኮቴ ሳይሰማ ፈረሱን ድንገት ወደ ጎን ያዞራል። የብስክሌቱ ቀላል ነው፤ የራስ ቅልን የኋላ ታችኛ ክፍል ግን አይሸፍንም፣ የተፈተነውም ከፈረስ ላይ ለሚወድቅ ሰው አይደለም። የግንባታ ሠራተኞች ቆብ ደግሞ ከልጁ ቀድሞ መሬት ይደርሳል።

የቀረው ለግልቢያ ተብሎ የተሠራው ነው። ስትገዛ ውስጡ የተለጠፈውን ምልክት አንብብ፦ ኢኤን 1384 (EN 1384)፣ ፓስ 015 (PAS 015) ወይም ኤኤስቲኤም ኤፍ 1163 (ASTM F1163) ከሚሉት የግልቢያ ሄልሜት የደኅንነት መለኪያዎች አንዱ ይኑርበት። እኔ አዲስ አበባ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ስላጣሁ ዱባይ ያለችው እህቴ ዴካትሎን ከሚባለው የስፖርት ዕቃ መደብር ስድስት ገዝታ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛልኝ መጣች። ከኋላ በመዘውር የሚጠብና የሚሰፋ ስለሆነ አንዱ ለብዙ ልጅ ይሆናል። ለ24 ልጅ 24 ሄልሜት አያስፈልግህም። አራት አራት እያደረግህ አስጀምራቸው፤ አራቱ ሲጋልቡ ሁለቱ ቀጣይ ልጆች ላይ ይለካሉ። ከሳልባጅ ግን አትግዛ። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት ውስጡ ተሰንጥቆ ውጪው አዲስ ሊመስል ይችላል፤ የማንን ጭንቅላት አድኖ እንደመጣ የሚነግርህ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አልነገረንም። በዋዜማው ለልጆቹ ሁሉ ሄልሜት ለክተን፣ ስማቸውን ጽፈን ጨረስን። በማግስቱ ሴቶቹ ልጆች ለውድድሩ ክብር ሹሩባ ተሠርተው መጡ! አንዱም ልክ አልሆነም፤ ከሹሩባው በላይ እንደ ጉልላት ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ የምንለካው በውድድሩ ጠዋት፣ በዕለቱ የፀጉር አሠራር ነው። ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አገጩ ሥር ያለው ማሰሪያ ከመታሰሩ በፊት ልጁ ራሱን ሲነቀንቅ የግንባሩ ቆዳ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ልክ ነው።

ከሄልሜት ቀጥሎ እኔን የሚያስፈራኝ እርካብ ነው። መውደቅ አንድ ነገር ነው፤ እግር በእርካብ ተይዞ መጎተት ሌላ። ገበሬዎቹ የሚያመጡት ኮርቻ ላይ ያለው እርካብ ጠባብ ነው፣ አንዳንዱም ለእግር አውራ ጣት ብቻ የተሠራ ቀለበት ነው። ልጆቹ ስኒከር አድርገው ይመጣሉ፤ ስኒከር ተረከዝ ስለሌለው ተንሸራቶ ዘልቆ ይገባና ይቀረቀራል። እኛ ምናለሽ ተራ ወርደን ብረት ቀጥቃጮቹን ሰፊ እርካብ አሠራን፤ የልጁ ጫማ ገብቶ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጣት የሚተርፈው። ከውጭ ከሚመጣው እጅግ ይረክሳል፤ ብየዳውን ግን በእጅህ ዳስስ፣ ሹል ነገር እንዳይኖረው። ጫማው ትንሽ ተረከዝ ያለው የቆዳ ጫማ ይሁን፤ የትምህርት ቤት ጥቁር ጫማ በቂ ነው። እርካቡ የሚንጠለጠልበትን ጠፍር ደግሞ እጠፈው፤ መታጠፊያው ላይ ነጭ ስንጥቅ ካሳየህ ጣለው። «በናይሎን የጭነት ገመድ እንተካው» የሚልህ ይኖራል። ለሆድ ማሰሪያ ይሁን፤ ለእርካብ ግን እኔ አልፈቅድም። ልጅ ሲጎተት ጠፍር ሊበጠስ ይችላል፣ ናይሎን ግን በቀላሉ አይበጠስም። የሆድ ማሰሪያውን ፈረሱ ጥቂት ከሶመሶመ በኋላ እንደገና አጥብቁት፤ ሲጫን ሆዱን ነፍቶ የሚያታልል ፈረስ ሞልቷል።

ፈረስ ስትመርጥ የሚያምረው ድንጉላ፣ ያልተኮላሸው ወንድ ፈረስ፣ አያታልልህ። ለልጅ የተኮላሸ ሰንጋ ፈረስ ይሻላል። ድንጉላ ከገባ ባዝራ (ሴት ፈረስ) በዚያ ቀን ሜዳው ላይ አትምጣ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መነሻው ላይ ያቆመ ሰው ውድድሩ ሳይጀመር ውድድር ያያል። የሚራገጠው ጭራ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ፤ ትርጉሙንም ለሕዝቡ በድምፅ ማጉያ ንገሩ።

አምቡላንስን በተመለከተ ሦስት መንገድ አለ። 907 የቀይ መስቀል ነው። ልምድ አላቸው፣ ክፍያውም አይከብድም፤ ሜዳው ላይ እንዲቆምልህ ከፈለግህ ግን ቀደም ብለህ በደብዳቤ ጠይቅ፤ ሌላ ድንገተኛ ጥሪ ቢመጣ ሊሄድ እንደሚችልም አውቀህ ተቀበል። 939 የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ነው፤ ሱሉልታ አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ ስለሆነች በዕቅድህ ዋና አድርገህ አትያዘው። 8035 ጠቢታ የግል ነው፤ ይከፈልበታል፣ በውል ግን ቀኑን ሙሉ የሚቆምልህን መነጋገር ትችላለህ። እኔ ብሆን ዋንጫውን አሳንሼ የሚከፈልበትን እይዛለሁ። የማንም ይሁን፣ ውሉን ከመፈረምህ በፊት በሩን አስከፍተህ እይ፦ የጀርባ ሰሌዳ፣ የአንገት መደገፊያ በልጅ ልክ፣ ኦክስጅን፣ ከሾፌሩ ሌላ የሠለጠነ ባለሙያ።

ይህን የምለው በደረሰብን ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተከራየነው «አምቡላንስ» ወንበሩ ወጥቶ አልጋ የገባበት ሃይሩፍ ነበር፤ አብሮት የመጣው ሾፌሩ ብቻ። አንድ የ13 ዓመት ልጅ የመጨረሻውን መስመር ካለፈ በኋላ ወደቀ። ካለፈ በኋላ! አንደኛ ወጥቶ፣ እልልታው ቀልጦ፣ ሕዝቡ ሊያቅፈው ወደ ፊቱ ሲሮጥ ፈረሱ ደንብሮ። ከመነሳቱ በፊት አራት ጎረምሶች በእጅና በእግሩ አንጠልጥለው አነሱት፤ አንዱ የሃይላንድ ውሃ ፊቱ ላይ ይደፋል፣ ሌላው «ተነስ፣ ወንድ አይደለህም?» ይለዋል። እናቱ ነጠላዋን ጥላ እየሮጠች ስትመጣ አሁንም ይታየኛል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተሰበረው የትከሻው አጥንት ብቻ ነበር። አንገቱ ቢሆን ኖሮ ያ አነሳስ ይጨርሰው ነበር።

ስለዚህ ከመጨረሻው መስመር በኋላ ቢያንስ 100 ሜትር ባዶ ሜዳ ተው፤ ሁለቱንም ጎን በገመድ ከልል። ሽቦ አይሆንም፣ ፈረስ አያየውም። ገመዱ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጠልጥል፤ ፌስታል ግን አይሁን፣ ነፋስ ሲያንኮሻኩሸው የሰላሌ ፈረስ ዓይኑ ይፈጣል። የሰፈሩ ውሾች ይታሰሩ፤ ጃንጥላ መንገዱ ዳር አይከፈት። የወደቀን ልጅ ከባለሙያው በቀር ማንም አይንካ፣ ሄልሜቱንም ማንም አያውልቅ። ራሱን የተመታ ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን አይጋልብ፤ ካስመለሰው፣ ከተደናገረ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወዲያው ሆስፒታል። ለከባድ ጉዳት የጎጃምን መንገድ ወደ ከተማ ወርዶ በጳውሎስ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል የአደጋ ሕክምና ልዩ ሥራው ነው። መንገዱን በውድድሩ ሰዓት አስቀድመህ በመኪና ሂድበትና ለካው፤ ቅዳሜ ገበያ ካለ ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል።

የእንስሳት ሐኪም ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፤ ቅርብ ነው። ካልተሳካ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ከተለያየ ቀበሌ የሚመጡ ፈረሶች ስለሚገናኙ ስለ አፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ከሳምንታት በፊት ሐኪሙን አነጋግሩት፤ ክትባቱ እዚያው ቢሾፍቱ ይመረታል። የልጆቹንም የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባት ወላጆችን ጠይቁ፤ ፋንድያ ያለበት ሜዳ ላይ ጭረትም አይናቅም። መድን ከገባህ ውሉ ላይ «ውድድር አይሸፈንም» የሚል አንቀጽ ካለ ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ አለ።

ከእንጅባራ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ በአብዛኛው ልክ ብለዋል፤ በእርካቡ ግን አልስማማም። እኛ ከአባቶቻችን የወረስነው አውራ ጣትን በቀለበቱ አስገብቶ በባዶ እግር መጋለብ ነው፤ እግር ሙሉውን ስለማይገባ አይቀረቀርም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ጥር 23 በዓሉ ሲከበር እንጅባራ መጥታችሁ እዩ። የኔ ጥቆማ ሌላ ነው። ውድድሩን የማስቆም ሥልጣን የማን ነው? ያንን ሳትወስኑ አምቡላንስ ብትደረድሩ ዋጋ የለውም። ወጣት ኮሚቴ «ይቁም» ሲል የፈረሱ ባለቤት ይከራከራል፣ አባት ይከራከራል። ጨዋታውን የሚያውቅ፣ የሚከበር ሽማግሌ አቁሙ።

መልስ

ጋሼ፣ ስለ ሽማግሌው እጅ ነስቻለሁ፤ እኔ ያንን የተማርኩት ተከራክሬ ተሸንፌ ነው። የእርካቡን ግማሹን እቀበላለሁ፦ በባዶ እግር ለለመደ ልጅ ይሁን፤ ጫማ ላደረገ ልጅ ግን ቀለበቱ በፍጹም አይሆንም። የእኔዎቹ የከተማ ልጆች በባዶ እግር ጠጠር ላይ መራመድም አይችሉም፤ አይፍረዱባቸው።

ጥያቄ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዋንጫውን ወደ ሜዳሊያ ቀይሬ በተረፈው የአምቡላንሱን ቀብድ ከፍያለሁ። የቀረኝ ሄልሜቱ ነው፤ እስከዚያ ከውጭ የሚመጣልኝ ሰው የለም።

መልስ

ስድስቱ እኔ ጋ ቆመዋል። ውድድሩ ሲያበቃ ማን ሲወድቅ የቱን አድርጎ እንደነበር ጽፈህ ከመለስክልኝ ውሰዳቸው፤ የተመታውን ለይቼ ማስወገድ አለብኝ። ሽማግሌው ስለማይጮኹ ፊሽካም እጨምርልሃለሁ። ብቻ ስንቶቹ ልጆች ሹሩባ እንደሚሠሩ አስቀድመህ ጠይቅልኝ፤ ትልልቆቹ ሁለት ብቻ ናቸው።