ክርክር፦ ለጋዜጠኛ መናገር ያለበት ቃል አቀባዩ ብቻ ነው?

ዘጋቢው (አራት ኪሎ)፦ እስኪ ፍረዱኝ። ቀበና እኛ ሰፈር ውሃ ከጠፋ ሁለት ሳምንት አለፈ። ምክንያቱን ልጠይቅ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። "ደብዳቤ ይዘህ ና" ተባልኩ። አጻፍኩ፣ ማኅተም አስመታሁ፣ መዝገብ ቤት አስገባሁ፣ ቁጥሩን መዳፌ ላይ ጽፌ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጉዳዩን በእጁ የያዘው ኢንጂነር ሦስቴ በፊቴ አለፈ። "እኔ ለሚዲያ አልናገርም፣ ሕዝብ ግንኙነት አለልህ" አለኝ። ሕዝብ ግንኙነቱ ስብሰባ ላይ ነው። ማታ መግለጫው ፌስቡክ ላይ ወጣ። እኔ የጠየቅኩት ግን ውስጡ የለም። የሚያውቀው ሰው ለምን አይናገርም?

የቀድሞ ሕዝብ ግንኙነት፦ ወንድሜ፣ እዚያ ወንበር ላይ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ። ኢንጂነሩ አንድ ነገር ይላል፣ ኃላፊው ሌላ፣ እናንተ ደግሞ "እርስ በርሳቸው ተጋጩ" ብላችሁ ርዕስ ታወጣላችሁ። አንድ አፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው። "ስብሰባ ላይ ነኝ" ስልህም ብዙ ጊዜ ምን ልበል ብዬ የኃላፊዬ በር ላይ ቆሜ ነው። ነገሩን መጀመሪያ ከጋዜጠኛ የሰማሁበት ቀን ስንት ነው!

የሕግ ተማሪ (ስድስት ኪሎ)፦ ሕጉን ረሳችሁት እኮ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ፕሬስ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ ማግኘት እንዳለበት ይላል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ 590/2000ም አለ። የሚዲያው ክፍል በአዋጅ 1238/2013 ቢተካም መረጃ የማግኘቱ ክፍል አልተነካም። ሕዝብ ግንኙነቱ ጥያቄህን በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። እምቢ ካለ አቤት እያልክ እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ትሄዳለህ።

ዘጋቢው፦ 30 ቀን! እስከዚያ ክረምቱ ገብቶ ሰዉ ጣሪያ ሥር በርሜል ይደቅናል። ለጥናት ይሆናል፣ ለዕለት ዜና ግን ምን ይሠራልኛል?

ባለሱቋ (ቀበና)፦ እኔ ጀሪካን ጎትቼ መጥቼ ነው የማነባችሁ። መግለጫ ያለ ቀን ግን ተሰልፋችሁ ትሄዱ የለ? ሻይ ቡና፣ አበል፣ ከዚያ የተሰጣችሁን ወረቀት ማታ ታነቡልናላችሁ። "ይሄ አልገባኝም፣ ያስረዱኝ" ያለ ጋዜጠኛ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

የቀድሞ ሕዝብ ግንኙነት፦ እውነቷን ነው። አበሉን የማስፈርመው እኔ ነበርኩ። ሃያ ሰው ይፈርማል፣ ሁለት ሰው ይጠይቃል።

ዘጋቢው፦ ወስጃለሁ፣ አልዋሽም። በኛ ደሞዝ ታክሲውን ማን ይከፍላል? ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ባለሱቋ፦ ሌላ አይደለም! ኪስህን የነካ ሰው ፊት አፍጥጠህ መጠየቅ ትችላለህ?

የቀድሞ ሕዝብ ግንኙነት፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልቀበል። ቧንቧው የት ተሰበረ፣ መቼ ይጠገናል የሚለውን ኢንጂነሩ ቢናገር ማንም አይጎዳም። እኔ አጠገቡ ልቀመጥ። ለምን እንደዘገየና ማን እንደሚጠየቅ ግን ኃላፊው ራሱ ይመልስ፣ እኔን አያስቀድመኝ።

የሕግ ተማሪ፦ በጽሑፍ እንጠይቅ እንግዲህ። አቤቱታውን እኔ አረቅልሃለሁ። የደብዳቤውን ቁጥር በውስጥ ላክልኝ።

ዘጋቢው፦ መዳፌ ላይ ነበር እኮ። ታጠብኩት።

ባለሱቋ፦ በየትኛው ውሃ?