ኢፖክሲ ቀለሙ ዱቄት ሆነ፣ ታች ውሃ ቋጠረ፣ ጥላ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ደግሞ ተሰነጠቀ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የውሃ ታንከር የተሸከመ የብረት ማማ አለን። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ አየሩ ጨዋማ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ራሴ ኢፖክሲ ሁለት ዙር ቀባሁት። አሁን ፀሐይ የሚያገኘው ጎን ነጣ ብሎ፣ እጅ ሲነካው እንደ ጠመኔ ይለቃል። እግሮቹ ላይ፣ መሬቱ አጠገብ፣ ቀለሙ እንደ ቃጠሎ ውሃ ቋጥሯል። የሚገርመው ሦስተኛው ነው፤ ከታንከሩ ሥር፣ ፀሐይ በጭራሽ የማይደርስበት ግልጽ የፕላስቲክ ፊልተር ቤት ክሩ አካባቢ ፀጉር በመሰለ ስንጥቅ ተሞልቷል። ቀለሙ አስመስሎ የተሠራ ይሆን? ሁሉንም ፍቄ ልጀምር?

አንደኛ መላሽ፦
ሙቀት ነው። ሁሉንም የሚበላው ሙቀት ነው። ወፍራም አድርገህ ድገመው።

ቀለም ቀቢው፦
ኧረ አይደለም ወንድሜ! በዱቄቱ ላይ ከደገመው አዲሱ ቀለም የሚይዘው ዱቄቱን እንጂ ብረቱን አይደለም፤ ተያይዞ ይወርዳል። ጠያቂ፣ ቀለምህን አትጠርጥር። ምርጥ የተባለው ኢፖክሲም ፀሐይ ላይ ጠመኔ ይሆናል። ኢፖክሲ የሥር ቀለም ነው፤ ላዩ ላይ ፀሐይ የሚችል ፖሊዩሬቴን ይፈልግ ነበር። ያጠፋኸው እሱን መተውህ ነው።

ኬሚስቷ፦
ምክንያቱን ልጨምርበት። ምድር ላይ የሚደርሰው አልትራቫዮሌት ጨረር ከ290 ናኖሜትር አካባቢ ጀምሮ እስከ 400 ነው። በተለመደው ኢፖክሲ ውስጥ ያሉት አሮማቲክ የሚባሉ የካርቦን ቀለበቶች ከዚህ ውስጥ አጭሩን ጨረር ይመጥጣሉ፤ ያ ጉልበት የሙጫውን የሞለኪውል ሰንሰለት ይበጥሰዋል፣ ኦክስጅን ደግሞ የተበጠሰውን ያቃጥለዋል። ሙጫው ሲበላ በውስጡ የነበረው የቀለም ብናኝ ያለ ያዥ ይቀራል። እጅህ ላይ የቀረው እሱ ነው። አሊፋቲክ የሚባለው ፖሊዩሬቴን እነዚህ ቀለበቶች ስለሌሉት ይቋቋማል። ስትገዛ ያንን ቃል ፈልግ፤ አሮማቲክ የሆነው ፖሊዩሬቴን ቶሎ ቢጫ ይሆናል።

ደስ የሚለው ነገር ጉዳቱ ላይ ላዩን ነው፤ ከዱቄቱ ሥር ያለው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ያንን ጎን እስከ ብረቱ አትፋቀው።

የታችኛው ግን ሌላ በሽታ ነው። አንዱን በመርፌ ወግተህ ንገረን፤ ፈሳሽ አለው?

ጠያቂ፦
ወጋሁት። ጥርት ያለ ውሃ ወጣ፤ ሥሩ ያለው ብረት ጠቁሯል። ግን ስቀባ ደረቅ ነበር፣ ዝገቱንም በሽቦ ብሩሽ በደንብ ፈትጌዋለሁ።

ኬሚስቷ፦
ደረቅ ነበር፤ ጨው ግን ነበረበት። ቀለም መስታወት አይደለም፣ ውሃ ቀስ እያለ ያልፍበታል። ከሥሩ ጨው ካገኘ ጨው ውሃን ይስባል፤ ይህ ኦስሞሲስ ነው። ውሃው ሲጠራቀም ቀለሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። እግሮቹ ላይ የበዛው እርጥበት እዚያ ስለሚቆይ ነው።

ቀለም ቀቢው፦
የሽቦ ብሩሽ ብረቱን ያበራልሃል እንጂ ዝገት በቆፈረው ጥቃቅን ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ጨው አያወጣም፤ አንዳንዴ ጭራሽ ያሽገዋል። እኔም ስጀምር በዚሁ ተሸውጃለሁ። እግሮቹን እስከ ብረቱ ፋቅ፣ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠብ፣ አድርቅ፣ ዝገቱን አንሣ፣ እንደገና እጠብ። ሲደርቅ ሳትውል ሳታድር ኢፖክሲውን ቀባ። ብረቱ አየሩ ጤዛ ከሚጥልበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት፤ ስለዚህ ማለዳ አትጀምር። ጠርዝና ብየዳ ላይ ቀለም ስለሚሳሳ መጀመሪያ እነሱን በብሩሽ ለይተህ ቀባ።

ቧንቧ ሠራተኛው፦
ፊልተሩን ረሳችሁት እኮ። ወንድሜ፣ ማማውን ስትቀባ ቀለም ተረጭቶበት ነበር? በምን አጸዳኸው?

ጠያቂ፦
በቲነር... ነጠብጣቡ ወዲያው ነው የለቀቀው።

ቧንቧ ሠራተኛው፦
ገባኝ። ክሩንም በመፍቻ አጥብቀኸው ነበር አይደል?

ኬሚስቷ፦
ሁለቱ ሲገናኙ ነው የሚሰነጥቀው። ግልጽ ፕላስቲኮች፣ ለምሳሌ ፖሊካርቦኔት፣ ተወጥረው ሳለ ቲነር ሲነካቸው ሰንሰለቶቹ ይንሸራተቱና ይለያያሉ። ሰንሰለቱ ራሱ መበጠስ እንኳ አያስፈልገውም፤ ለዚህ ነው ፀሐይም ሙቀትም ሳይኖር የሚሰነጠቀው። ያልተወጠረ ቁራጭ ያው ቲነር ቢነካው ምናልባት ደብዘዝ ብሎ ብቻ ይቀር ነበር።

ቧንቧ ሠራተኛው፦
በሙጫ ለመድፈን እንዳታስብ። ውስጡ ግፊት አለ፤ በአንድ ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል። ዛሬውኑ ውሃውን ዝጋና ግፊቱን አስተንፍስ፣ ከዚያ ቀይረው። አዲሱን በለሰለሰ ሳሙና ብቻ እጠብ፣ ልክ ሲይዝ ማጥበቁን አቁም። የጎማ ቀለበቱን የሲሊኮን ቅባት ቀባው፤ የሞተር ግሪስ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ፣ ውሃውን ዘግቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ጥቁሩ ታንከር ከሁሉም በላይ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እንዴት ምንም አልሆነም?

ኬሚስቷ፦
ጥቁረቱ ነው ያዳነው። ታንከሩ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ፖሊኤቲሊን፣ ብቻውን ቢሆን ይፈረካከስ ነበር፤ 2 በመቶ ገደማ ጥላሸት በደንብ ሲቀላቀልበት ግን ጨረሩን ገና ከላዩ ይይዝለታል።

ቀለም ቀቢው፦
እሱን ተወው፣ ደህና ነው። የፀሐዩን ጎን ግን ዱቄቱ እስኪለቅ እጠብ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻክር፣ ከዚያ ፖሊዩሬቴኑን ቀባ። አሮጌ ኢፖክሲ ሳይሻከር አዲስ ቀለም አይቀበልም። ደግሞ ቀለም ከመጀመርህ በፊት ፊልተሩን በላስቲክ ጠቅልለው!